ስለ ንግሥተ አዜብ እግርና ስለ ጠፋው ጫማ በባምባሲ የሰማነው ጨዋታ

ማታ ማታ በቤታችን ለልጆቻችን የምናወራው ተረት ብዙ ጊዜ ሳናስብበት የሚነገር ነው። ልጆቹን እስኪያስተኛልን ድረስ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ በልባቸው ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ አንጠይቅም። እኛም በባምባሲ አንድ ማታ ተረት አውርተን እስክናፍር ድረስ እንዲሁ ነበርን። የዚያን ማታ ነገር ለዚህ ለቤተ ሰብ ገጽ የሚስማማ መስሎ ስለ ታየን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ባምባሲ ከአሶሳ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ መንዲና ወደ ነቀምት በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ አፈሩ ቀይ፣ ቀርከሃውና ማንጎው ብዙ ነው። በርታውና ማኦው የቆየ ባለ አገር ሲሆን ኦሮሞውም አብሮ ይኖራል፤ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በሠፈራ የመጡ ሰዎችም ልጅና የልጅ ልጅ አፍርተውበታል። በገበያው ቀን አንድ ሰው አንዱን ማሰሮ ማር ለመግዛት ሦስት ቋንቋ ሲቀላቅል ይሰማል። ተረቱም እንደ ቋንቋው ተቀላቅሏል።

ለጽሕፈት ሥራ ጉዳይ ጥቂት ሳምንት በዚያ ስንቀመጥ ማረፊያችን ከወሎ በመጡ በአንዲት ባልቴት ቤት ነበረ። እኒህ እመቤት ባላቸውንም አንዲት ልጃቸውንም በዚያው አገር ቀብረው ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ይኖራሉ። በግቢያቸው መካከል ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቡናው ከዛፉ ሥር ይፈላል፤ የጎረቤት ልጆች ይሰበሰባሉ፤ አንድ የበርታ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ሼኽም ከሶላት በኋላ በትራቸውን ይዘው መጥተው ለቶናው ይደርሳሉ። ቡናውን የምታፈላው የባልቴቲቱ የልጅ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 18 ዓመት ይሆናል፤ አንደበቷ የተባ፣ ሳቋ ግን አጭር የሆነ ልጅ ናት።

አንድ ማታ ልጆቹ ተረት ንገሩን ብለው ያዙን። እኛም ከቤተ ክህነት ትምህርት ወጥተን በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራኑ ያነበቡልንን፣ ፈረንጆች ሲንደሬላ የሚሏትን የእንጀራ ልጅ ተረት አስታወስን። ይህ ተረት እጅግ ያረጀ ነው። የግሪክ ሰው ስትራቦን ከ2000 ዓመት በፊት ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ በግብፅ አገር ንስር የአንዲትን ሴት ጫማ ነጥቆ ከንጉሡ ጭን ላይ እንደ ጣለውና ንጉሡም ባለ ጫማይቱን አስፈልጎ እንዳገባት ተርኳል። ቻይናዎችም በ9ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የራሳቸው አላቸው። የመስተዋት ጫማ ያደረገላት ግን ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ነው፤ መጽሐፉም በ1697 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታተመ።

ገና ልጅቱ ከምድጃው አመድ ስትዝቅ ብለን ስንጀምር ቡና የምታፈላው ልጅ ቀና ብላ፦

«ጋሼ፣ ምነው ሁልጊዜ አመድ የምትዝቀው ሴት ናት? እስኪ ዛሬ ወንዱን በሴቲቱ ቦታ፣ ሴቲቱን በወንዱ ቦታ አድርገው ይንገሩን» አለችን።

ነገሩ ቀላል መስሎን እሺ አልን። የሙት ልጅ የሆነ ጎረምሳ ከእንጀራ አባቱና ከሁለት የእንጀራ ወንድሞቹ ጋራ እየኖረ ምድጃ ይጠርጋል፤ ልዕልቲቱ ግብር አግብታ የአገሩን ጎረምሳ ሁሉ ትጠራለች፤ እሱም የተውሶ ልብስ ለብሶ ሄዶ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሲሮጥ ጫማው ይወልቃል፤ በማግሥቱ ልዕልቲቱ ጭፍራዋን አስከትላ ቤት ለቤት እየዞረች የወንዱን ሁሉ እግር ትለካለች። እዚህ ላይ ስንደርስ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። አንዱ ብላቴና «እሱ አመድ ሲዝቅ ከብቱን ማን ያግዳል?» አለ። ሌላው «የአባቴን እግር ብትለካ በዚያው ትሸሽ ነበር» አለ። ሼኹ እንኳ ከሳቃቸው የተነሣ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እኛም ደስ ብሎን ጫማው በደሃው ልጅ እግር ልክክ አለ፣ ልዕልቲቱም አገባችው ብለን ጨረስን።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። «ባይገባውስ?» ብላ ጠየቀችን።

«እንዴት አይገባው? የገዛ ጫማው አይደለምን?» አልናት።

«ጫማው እስኪገኝ ድረስ እግሩ ቢያብጥስ?»

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ትንንሾቹ ልጆች ሁሉ ወደ ግራ እግሯ ተመለከቱ፤ እሷም እግሯን ስባ ከቀሚሷ በታች ሸሸገችው። ባልቴቲቱ ቡናውን ቅጂ ብለው ነገሩን ሊያሳልፉት ፈለጉ። እኛ ያን ያህል ጊዜ ከቤቱ ስንወጣና ስንገባ እግሯን ሳናይ መኖራችን አሳፈረን። ጽሕፈት የለመደ ዓይን ከወረቀቱ በታች ያለውን አያይም መሰለን።

የልጅ ጥያቄ ያለ መልስ ቢቀር ነውር ነውና ሌላ ተረት እንጀምር አልን። አሁንስ ወንዱን በሴቲቱ መለወጥ ሳያስፈልገን፣ ከጥንት ጀምሮ ሴቲቱን በወንዱ ቦታ ያስቀመጠ የራሳችን ትረካ ትዝ አለን። ይኸውም በትግሬ አገር ስለ ንግሥተ አዜብ የሚነገረው ነው። ይህን ትረካ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በትግርኛው ጽሑፍ አሳትሞታል። ከመካከሉም አንዳንዱ ክፍል በአዲስ አበባ ሱቅ በሚሸጠው በአርባ አራቱ ሥዕል ላይ ተሥሎ ይታያል፤ ከአንባብያን ቤት አንዱ ግድግዳ ላይ እንደሚገኝ አንጠራጠርም።

ትረካው እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን የአገሩ ሰው ዘንዶ ያመልክ ነበር። እያንዳንዱም ሰው በተራው የበኵር ሴት ልጁን፣ ከዚያም ጋራ ጠላና ወተት ይገብርለት ነበር። ተራው ከአንዲት ልጅ ወላጆች ዘንድ ደረሰና ዘንዶው ከሚመጣበት ዛፍ ላይ አስረዋት ተመለሱ። ሰባት ቅዱሳን በመንገድ ሲያልፉ ከዛፉ ጥላ ሥር ዐረፉ። እንባዋ ከላይ ወርዶ አንዱን ነካው። ቀና ብለው ማን ነሽ ብለው ቢጠይቋት የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ዘንዶው በመጣ ጊዜ በመስቀል መትተው ገደሉት፤ ነገር ግን ደሙ ተንጠብጥቦ ተረከዟን ስለ ነካው እግሯ የአህያ እግር ሆነ። (በቤተ ክህነት የተማረ ሰው እንዲህ ያሉ ቅዱሳን ከሰሎሞን ዘመን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ እንደ መጡ ያውቃል። ተረቱ ግን ስለ ዘመን ቍጥር ግድ የለውም፤ እኛም ለልጆቹ አላነሣነውም።)

እስቲ አንባብያን ልብ ይበሉ። በግሪኮች ተረት ከባሕር አውሬ ያዳናትን ልጅ ያገባት ፐርሴዎስ ነው። በራሳችንም ሌላ ትረካ ዘንዶውን በተንኰል ገድሎ በዙፋኑ የተቀመጠው አንጋቦ የተባለ ሰው ነው። በዚህ ግን ገዳዮቹ መንገዳቸውን ይሄዳሉ፤ የሚያገባት ሰው የለም። ፈትተዋት ወደ መንደርሽ ሂጂ ይሏታል። የገዛ አገሯ ሰዎች ደግሞ ከዘንዶው አምልጣ መጣችብን፣ ታስፈጀናለች ብለው ያባርሯታል። ሌሊቱን ዛፍ ላይ ወጥታ ታድራለች። ሲነጋ ወስዳ የሞተውን ዘንዶ ታሳያቸዋለች፤ ያን ጊዜ አለቃችን ሁኚ ብለው ያነግሧታል። እሷም እንደ ራሷ ያለች አንዲት ልጃገረድ መርጣ ሹሟ ታደርጋለች።

ነገሠች እንጂ እግሯ አልዳነም። በኢየሩሳሌም ሰሎሞን የሚባል ንጉሥ እንዳለ፣ ከደጁ የደረሰ ሁሉ ከደዌው እንደሚፈወስ ሰማች። ይህን ጊዜ በተረት ልማድ መልእክተኛ ይላካል፣ ወይም የተረገመችው ልጅ ንጉሡ እስኪመጣላት ከግንብ ተዘግታ ትቀመጣለች። እሷ ግን ከዚያች ከሹሟ ጋራ ጸጉራቸውን እንደ ወንድ ተሠርተው፣ ሰይፍ ታጥቀው፣ በገዛ እግሯ፣ በዚያው በአህያ እግሯ ተጓዘች። ከሰሎሞን ደጅ ደርሳ መድረኩን በረገጠች ጊዜ እግሯ እንደ ቀድሞው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ለልጆቹ አሳጥረን ነው የነገርናቸው። ሰሎሞን እንግዶቹ ጥቂት ብቻ እንደሚበሉ አይቶ ሴቶች እንደ ሆኑ ጠረጠረ፤ ማር ያለበት ስልቻ ሰቅሎ፣ ከሥሩ ገበቴ አኑሮ፣ የተኛ መስሎ ጠበቃቸው፤ በሌሊት ተነሥተው ማሩን ሲልሱ ያዛቸው። ያን ሌሊት ያደረገው በእኛ ፍርድ የሚመሰገን አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ክብረ ነገሥትም ይህንኑ ተንኰል በማሩ ፈንታ በቅመም በበዛበት መብልና በአንድ ዋንጫ ውሃ ይተርከዋል፤ ስለ አህያው እግር ግን አንዳች አያነሣም። ሊቃውንት ሲጽፉት እግሩ ቀረ፤ ባለ አገር ሲያወራው እግሩ ተረፈ። የቀረውን አንባብያን ያውቁታል፤ ቀለበቱን ሰጥቶ አሰናበታት፤ ልጁም አድጎ መስተዋት ይዞ አባቱን ፍለጋ ሄደ።

ልጅቱ እስከ መጨረሻው ፀጥ ብላ ሰማች። ከዚያም ስለ ፍቅሩም ስለ ልጁም ሳትጠይቅ «እግሯን ማን አዳነላት?» አለችን። «ንጉሡ ነው? ወይስ መድረኩ?»

እኛ የምንመልሰው ስናስብ ሼኹ ጕሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጸሐፊው የነገሩሽ መልካም ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው» አሉ። «በቁርኣን በጉንዳን ምዕራፍ የሰበእ ንግሥት ነገር አለ። ስሟን መጽሐፉ አይጠራም፤ ብልቂስ የሚሏት ተርጓሚዎቹ ናቸው። የአህያ እግርም በመጽሐፉ የለም። ተርጓሚዎቹ እንደሚሉት ግን ጂኖች ፈሩ። እናቷ ከጂን ወገን ናት ይባል ነበረና ሱለይማን ያገባት እንደ ሆነ ምሥጢራችንን ታወጣለች ብለው ስም አወጡባት። እግሯ የአህያ ሰኮና ነው ብለው ነገሩት። እሱም እውነቱን ለማየት ወለሉን በመስተዋት አሠራ። እሷ ገብታ ባየችው ጊዜ ውሃ መሰላትና ልብሷን ከፍ አደረገች። እግሯ የሰው እግር ነበረ፤ እንዲያውም ያማረ ነበረ።»

«የአህያ እግር አልነበራትም?» አለች ልጅቱ።

«አልነበራትም። ወሬ ነው፤ የጂን ወሬ።» ሼኹ ጥቂት ዝም አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ወደ አጥሩ በኩል ፊታቸውን መልሰው «የሰውም ወሬ ያው ነው» አሉ።

ከቀርከሃው አጥር ወዲያ የሰው ጥላ ታየ። ባልቴቲቱ «ማነው እሱ?» ቢሉ አንድ የጎረምሳ ድምፅ «እኔ ነኝ እማማ፤ ፍየል ጠፍታኝ ነው» ብሎ መለሰ። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ልጅቱ የከሰሉን እሳት ማራገብ ጀመረች፤ እሳቱ ግን ቀድሞም እየነደደ ነበር።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባልቴቲቱ ነገሩን አጫወቱን። የዚያ ጎረምሳ አባት ከሦስት ወር በፊት ሽማግሌ ልከው ነበር። ነገሩ ተቈርጦ ቀን ሊቀጠር ሲል አንዲት ሴት ወንዝ ወርዳ የልጅቱን እግር አየችና አወራች። የሟች እናቷም እግር እንዲሁ አብጦ እንደ ነበረ ተነሣ። ሽማግሎቹ ሁለተኛ መጥተው «በዘሩ እርግማን አለበት፤ ልጃችንን ከእርግማን አንቀላቅልም» ብለው ነገሩን አፈረሱ። ባልቴቲቱም ይህን ሲነግሩን «እኔስ ማንን በድዬ ይሆን?» እያሉ ከወሎ ጀምሮ ያለውን ዕድሜያቸውን ይመረምሩ ነበር።

እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ነገር ግን ስለዚህ ደዌ የተጻፈውን አንብበናል። በአማርኛ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው፤ ይህም በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ይገኛል። ሁለተኛው ግን ከትልም ከትንኝም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር እጅግ ጥቃቅን ፍርፋሪ አለው፤ ሰው በባዶ እግሩ ብዙ ዓመት ሲረግጠው ፍርፋሪው በቆዳው በኩል ገብቶ በእግር ውስጥ የሚመላለሰውን ፈሳሽ መተላለፊያ ያቈስላል፤ እግሩም ከመዳፉ ጀምሮ ወደ ላይ ያብጣል። ይህን ነገር በአገራችን ብዙ ዓመት የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መርምሮ ገለጠው። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመላው አገሪቱ ከተደረገው ምርመራ ተነሥተው ሊቃውንት ባወጡት ግምት፣ በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ዐዋቂ ሰዎች ይህ ደዌ አለባቸው።

እርግማን የተባለበትም ምክንያት አለው። አፈሩን የሚረግጥ ሁሉ አይታመምም፤ ሰውነቱ ለዚህ የሚሸነፍ ሰው ብቻ ይታመማል፤ ይህም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ቤት እናትና ልጅ ሲያብጡ የጎረቤቱ እግር ደኅና ሲሆን የሚያይ ሰው ዘሩን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የማይወርደው ግን አፈሩ ነው፤ ጫማ ያደረገ ልጅ የተወለደበት ዘር ምንም ቢሆን አያብጥም። የጀመረውም ሰው እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ቢያጥብ፣ ቅባት ቢቀባ፣ በጨርቅ ቢጠቀልል፣ ሲቀመጥ ከፍ ቢያደርግና የተሸፈነ ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ገና ጅማሬ የሆነ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ግን ሐኪም ነው።

ይህን ሁሉ በማግሥቱ ለባልቴቲቱና ለልጅቱ ነገርናቸው። ባልቴቲቱ ደጋግመው «አፈር? አፈር ብቻ?» እያሉ ጠየቁን። ደስ ያላቸው አልመሰለንም፤ የገዛ ልጃቸውን ያለ ጫማ ማሳደጋቸውን ያሰቡ መሰለን። እኛም ዝም ማለት ይሻል እንደ ነበረ ገባን። ልጅቱ ግን ወዲያው አሶሳ የመኪናው ዋጋ ስንት ነው አለች። ባልቴቲቱ አጎቷ ይምጣና ይውሰዳት፣ ሴት ልጅ ብቻዋን አትሄድም ቢሉ፣ የአክስቷን ልጅ ከጎኗ አቁማ «እማማ፣ ንግሥቲቱም ሁለት ሆና ነው የሄደችው» አለቻቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በ12 ሰዓት ሁለቱ ሴቶች ልጆች ነጠላቸውን ተከናንበው መኪና ተሳፈሩ። ጸጉራቸውን እንደ ወንድ አልተሠሩም፤ ሰይፍም አልታጠቁም፤ የአክስቷ ልጅ ግን ወፍራም ዱላ ይዛ ነበር።

ማታ ሲመለሱ መላው ግቢ ይጠብቃቸው ነበር። ሐኪሙ አይቶ ከአፈር ነው ብሏታል፤ ጅማሬው ስለ ሆነም አይዞሽ ብሏታል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማታ ማታ ከቡናው አስቀድሞ ሳፋ ውሃ ይቀርባል። መጀመሪያ ከቤት ውስጥ ተደብቃ ታጥብ ነበር፤ ኋላ ግን ውሃውን ከማንጎው ሥር አምጥታ በልጆቹ ፊት ታጥብ ጀመር። ያ አመድ ዛቂ ወንድ ከብቱን ማን ያግዳል ያለው ብላቴና ሳሙናውን ያቀብላታል። አንድ ነገር ብቻ ጐደላት። የተሸፈነ ጫማ አልነበራትም፤ ያላትም የሸራ ጫማ በግራ እግሯ አልገባ አለ።

ከሳምንት በኋላ የጎረምሳው ታናሽ ወንድም በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ከደጁ ጥሎ ሮጠ። ጥቍር የቆዳ ጫማ ነው፤ ቍጥሩ 38። ቀኙ ልክክ አለ፤ ግራው ግን ከጣቶቿ አላለፈም። ልጆቹ ከበው ያዩ ነበርና ሁላችንም ያን የመጀመሪያውን ማታ አስታወስን፤ ማንም የሚናገረው አጣ። ልጅቱ ጫማውን መልሳ ጠቅልላ «ጠበበኝ በለው» ብላ ላከችው።

በሚቀጥለው ገበያ 40 ቍጥር መጣ፤ ጠበበ። በሦስተኛው ገበያ ግን ጎረምሳው ራሱ በሩ ድረስ መጣ። በአንድ እጁ የሴት 38 ቍጥር፣ በሌላው የወንድ 43 ቍጥር ጫማ ይዟል። ነጋዴው አንድ አንድ እግር ለይቼ አልሸጥም ስላለው ሁለቱንም ጥንድ ገዝቶ ኖሯል። ባልቴቲቱ ግባ ሳይሉት፣ ሂድም ሳይሉት፣ ወንበሩን በእግራቸው ወደሱ ገፋ አደረጉለት። ቀኙ ከአንዱ ጥንድ፣ ግራው ከሌላው ሆኖ ጫማው ገባ፤ ማሰሪያውንም እሷው ራሷ አሰረችው።

እኛ ሥራችንን ጨርሰን ከባምባሲ እስክንነሣ ድረስ የጎረምሳው አባት ገና አልታረቁም ነበር። ሼኹ ሊያነጋግሯቸው ሁለት ጊዜ ሄደው ቡና ብቻ ጠጥተው ተመልሰዋል። በሁለተኛው ጊዜ እንዳጫወቱን አባትየው ሌላ ጭንቀት ይዟቸው ነበር፤ ከፍየሎቻቸው መካከል ደኅናይቱ የት እንደ ገባች ልጃቸውን ቢጠይቁት «ጠፋች» ብሏቸዋል።